ሠላሳ ሁለት ዓመት የዘገየው ጽሑፍ፦ የፕሮፌሰር ኤሪካ ክሬመር የምሁርነት ሕይወትና የጋዝ ክሮማቶግራፊ አጀማመር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



 በዚህ መርሐ ግብር ተናጋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን የምርምር ውጤት ያቀርባሉ። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት የሌላ ሰው ሥራ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አናሊቲካል ኬሚስትሪ ሳስተምር ጋዝ ክሮማቶግራፊ በየዓመቱ ከማስተምራቸው ርእሶች አንዱ ነበር። ስለ ዘዴው አጀማመር ስናገር ከመማሪያ መጻሕፍት ያገኘኋቸውን ሁለት ስሞች፣ ጄምስንና ማርቲንን፣ ጠርቼ አልፍ ነበር። ሦስተኛው ስም ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ሦስተኛ ስም፣ ስለ ፕሮፌሰር ኤሪካ ክሬመር ነው።

ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። በ1944 ዓ.ም. ክሬመር ከኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ከተማ «ዲ ናቱርቪሰንሻፍተን» ለተባለው የጀርመን ሳይንሳዊ መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ ላኩ። ጽሑፉ ጋዞችን በክሮማቶግራፊ እንዴት መለየት እንደሚቻል የሚያስረዳ ነበር። መጽሔቱም ተቀበለው። ነገር ግን ማተሚያ ቤቱ በአየር ድብደባ ወደመ፤ ጽሑፉም ሳይታተም ቀረ። ለአንባቢ የደረሰው በ1976 ዓ.ም.፣ ከ32 ዓመት በኋላ፣ «ክሮማቶግራፊያ» በተባለው መጽሔት ላይ እንደ ታሪካዊ ሰነድ ታትሞ ነው። በዚህ መካከል ዘዴው ከነዳጅ ማጣሪያ እስከ መድኃኒት ፋብሪካ ድረስ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኖ ነበር።

ይህን ታሪክ «ክሬመር ተበደሉ» ብሎ መቋጨት ቀላል ነው። ዳሩ ግን ታሪክ ጸሐፊ እንደ ዳኛ ቸኩሎ መፍረድ የለበትም። እኔ ልጠይቅ የምፈልገው ሌላ ነው፦ አንድ ሐሳብ ከአሳቢው ጭንቅላት ተነሥቶ የሙያው የጋራ ሀብት እስኪሆን ድረስ ምን ምን ያስፈልገዋል? በክሬመር ሕይወት ውስጥ ከእነዚህ ነገሮች የትኞቹ ተገኙ፣ የትኞቹስ ጎደሉ? መልሱ እኛንም የሚመለከት ይመስለኛል።

መለየት ምን ማለት ነው?

በአዳራሹ ውስጥ ከኬሚስትሪ ውጭ ያላችሁ እንግዶች ስላላችሁ ከመሠረቱ ልነሣ። መለየት የሰው ልጅ ጥንታዊ ጥበብ ነው። እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያበጥሩ ፍሬውን ከገለባው የሚለዩት በክብደቱ ነው። ወንፊት በመጠን ይለያል። አረቄ አውጪዋ ደግሞ አልኮሉ ከውሃው ቀድሞ ስለሚተን በመፍያ ሙቀት ልዩነት ትለያለች። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ነገሮች በክብደትም፣ በመጠንም፣ በመፍያ ሙቀትም ሲቀራረቡ ነው።

ለዚህ ችግር አዲስ መንገድ የከፈቱት የዕፅዋት ተመራማሪው ሚካኤል ጽቬት ናቸው። እኚህ ሰው በ1903 ዓ.ም. በዋርሶ ባደረጉት ንግግር፣ በኋላም በ1906 ዓ.ም. ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ የቅጠል ቀለማትን እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ባለ ዱቄት በተሞላ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ በፈሳሽ እየገፉ እንዳሳለፏቸው አስረዱ። አረንጓዴውና ቢጫው በቱቦው ውስጥ በየራሳቸው ቀለበት ተለያዩ። ዘዴውንም «ክሮማቶግራፊ»፣ ማለትም በቀለም መጻፍ፣ ብለው ሰየሙት። የሚገርመው የራሳቸው ስም በሩስያኛ «ቀለም» ማለት ነው።

ሥራው የሚመሠረትበት ሐሳብ ከገበያ መንገድ ጋር ይመሳሰላል። ሁለት ሰዎች ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በእኩል እርምጃ ወደ ገበያ ተነሡ እንበል። አንደኛው ማንንም ሳያነጋግር ይሄዳል። ሌላው በየደጃፉ ቆሞ ሰላምታ ያበዛል፤ የከብቱን፣ የልጁን፣ የአዝመራውን ደኅንነት ይጠይቃል። እርምጃቸው እኩል ቢሆንም አደራረሳቸው ይለያያል። በቱቦው ውስጥ ያለው ዱቄት የሰላምታው ደጃፍ ነው። ከዱቄቱ ገጽ ጋር አጥብቆ የሚያያዝ ንጥረ ነገር ዘግይቶ ይወጣል፤ የማይያያዘው ቀድሞ ይወጣል።

ጽቬት በ1919 ዓ.ም. በ47 ዓመታቸው በቮሮኔዥ ከተማ ሲያርፉ ዘዴያቸውን የያዘው ሰው ጥቂት ነበር። በሰፊው የተነሣው በ1931 ዓ.ም.፣ በሃይድልበርግ የሪቻርድ ኩን ላቦራቶሪ ውስጥ ኤድጋር ሌደረር ካሮቲኖይድ የሚባሉትን ቀለማት ለመለየት በተጠቀሙበት ጊዜ ነው። እንግዲህ የልየታ ሳይንስ ከመነሻው ሥራው ቀድሞ አንባቢው የዘገየበት ሙያ ነው። የክሬመር ታሪክ በዚህ ረገድ የመጀመሪያው አይደለም።

ከበርሊን እስከ ኢንስብሩክ

ኤሪካ ክሬመር ግንቦት 20 ቀን 1900 ዓ.ም. በሙኒክ ተወለዱ። የምሁራን ቤተሰብ ልጅ ናቸው። አባታቸው ማክስ ክሬመር የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በ1906 ዓ.ም. በቀጭን ብርጭቆ ግራና ቀኝ የአሲድነታቸው መጠን የተለያየ ፈሳሾች ሲቀመጡ የኤሌክትሪክ ልዩነት እንደሚፈጠር ያሳዩ ሰው ናቸው። በላቦራቶሪያችን በየቀኑ የምንጠቀምበት የፒኤች መለኪያ የብርጭቆ ኤሌክትሮድ መነሻው ይህ ግኝት ነው። ተማሪዎቼ፣ ነገ ፒኤች ስትለኩ የአባትየውን፣ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ስትከፍቱ የልጅየዋን ሥራ እየነካችሁ መሆኑን አስታውሱ።

ክሬመር በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ፕላንክ፣ ኔርንስት፣ ሃበርና አንስታይን በከተማይቱ ያስተምሩ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በማክስ ቦደንሽታይን ሥር የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ሃይድሮጅንና ክሎሪን የሚዋሐዱበት ሂደት አንዱ እርምጃ ሌላውን እየወለደ የሚቀጥል የሰንሰለት ሂደት መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። ከዚያ በፍራይቡርግ ከጆርጅ ደ ሄቬሺ ጋር፣ ቀጥሎም በበርሊን በፍሪትዝ ሃበር በሚመራው የካይዘር ቪልሄልም ኢንስቲትዩት ከማይክል ፖላኒ ጋር ሠሩ።

በ1933 ዓ.ም. ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። በሃበር ኢንስቲትዩት ከሚሠሩት ብዙዎቹ አይሁዳውያን ስለ ነበሩ ተቋሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ባዶ ሆነ። ሃበር ሥራቸውን ለቀው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በባዝል አረፉ፤ ፖላኒ ወደ ማንቸስተር ሄዱ። ክሬመር አይሁዳዊት አልነበሩም፤ ነገር ግን የሚሠሩበት ቤት ሲፈርስ እሳቸውም ያለ ቦታ ቀሩ። ለአራት ዓመት ያህል ቋሚ የምርምር ሥራ አላገኙም። በ1937 ዓ.ም. ወደ ኦቶ ሃን ኢንስቲትዩት ገቡ፤ ሊዘ ማይትነር በቀጣዩ ዓመት ከጀርመን ሸሽተው የወጡት ከዚሁ ኢንስቲትዩት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ምሁር የሚበስለው በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ክሬመር ከ33 እስከ 37 ዓመታቸው ያለውን ጊዜ በመጠበቅ አሳለፉት። የዚያን ዘመን የግለ ታሪክ መዝገብ ስናነብ በሁለት ሥራዎች መካከል ያለው ባዶ መስመር ሰነፍነት ሊመስለን ይችላል። ባዶው መስመር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ዘመኑ ነው።

በ1939 ዓ.ም. መጀመሪያ ክሬመር በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያበቃውን «ሃቢሊታሲዮን» የተባለ ማዕረግ በበርሊን አገኙ። ማዕረጉ ቢገኝም ለሴት የሚሰጥ ወንበር አልነበረም፤ የዘመኑ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግና ልማድ ሴቶችን ከከፍተኛ ቦታ ያርቅ ነበርና። በሩን የከፈተላቸው ጦርነቱ ነው። ወንዶቹ መምህራን ወደ ግንባር ሲሄዱ የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ በ1940 ዓ.ም. በአስተማሪነት ተቀበላቸው፤ ጦርነቱ አልቆ ወንዶቹ ሲመለሱ ቦታውን እንደሚለቁ ግን አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር። ይህን «እስከ ጊዜው» የተባለ ቦታ ነው እሳቸው ሕይወታቸውን ሙሉ የሠሩበት።

የሁለቱ ጋዞች ጥያቄ

በኢንስብሩክ ክሬመር የያዙት ጥናት አሴቲሊን የተባለው ጋዝ ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ ኤቲሊን የሚለወጥበትን ሂደት የሚመረምር ነበር። ሁለቱን ጋዞች በሌላ መልካቸው ታውቋቸዋላችሁ። አሴቲሊን በየብየዳ ቤቱ በሰማያዊ ነበልባል የሚነድደው ነው፤ ኤቲሊን ደግሞ ሙዝ ሲበስል ከራሱ የሚያወጣው፣ ሌላውንም ሙዝ የሚያበስለው ነው። በኬሚስቱ ዓይን ግን መንታ ይመስላሉ። የአንዱ ሞለኪዩል ክብደት 26፣ የሌላው 28 ነው። ከጠጣር ገጽ ጋር የሚያያዙበት ኃይልም ይቀራረባል። በዘመኑ በነበሩት ዘዴዎች ከቅይጡ ውስጥ የእያንዳንዱን መጠን ማወቅ አስቸጋሪ ነበር።

የክሬመር ሐሳብ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ኢንስቲትዩት ባልደረቦቻቸው በፈሳሽ የሚሠራውን የጽቬት ክሮማቶግራፊ ይጠቀሙ ነበር። እሳቸው ፈሳሹን በጋዝ ለመተካት አሰቡ። ቅይጡን አንድ ተሸካሚ ጋዝ በቱቦው ውስጥ እየገፋ ቢያሳልፈው፣ ሁለቱ መንታ ጋዞች በሰላምታቸው ርዝመት አይለያዩምን?

ክሬመር ፊዚካል ኬሚስት ስለ ነበሩ ሐሳቡን በቁጥር አስቀመጡት። አንድ ሞለኪዩል ከገጹ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከገጹ ጋር ባለው የመያያዝ ሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሆኖም ጊዜው የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው። በራሴ ምሳሌ ላሳያችሁ። የሁለት ጋዞች የመያያዝ ሙቀት በአንድ ሞል በ2 ኪሎ ጁል ብቻ ቢለያይ፣ ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ሆኖ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ የአንደኛው ቆይታ ከሌላው 2.3 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሌላ መለኪያ ለማየት የሚያዳግት ጥቂት ልዩነት በሰዓት ሲለካ ጎልቶ ይወጣል። ወደ ኋላም ማንበብ ይቻላል፦ ጊዜውን ለክቶ ሙቀቱን ማስላት። ስለዚህ መሣሪያው ከመለየትም አልፎ የተፈጥሮን መጠን የሚለካ ሆነ ማለት ነው። በ1944 ዓ.ም. የተላከው አጭር ጽሑፍ ፍሬ ነገሩ ይህ ነበር።

በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ

ጽሑፉ ከተላከ በኋላ ሁለት ነገሮች ፈረሱ፤ አንዱ የመጽሔቱ ማተሚያ ቤት፣ ሌላው በአየር ድብደባ የተጎዳው የኢንስብሩክ ኢንስቲትዩት ራሱ። ሐሳቡን በሙከራ ለማረጋገጥ ተማሪ ነበረ፤ ቦታ ግን አልነበረም።

ተማሪው ፍሪትዝ ፕሪዮር ይባላሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ሲፈርስ ፕሪዮር መሣሪያውን በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ተከሉት። ተሸካሚ ጋዝ፣ በሲሊካ ጄል ወይም በተዘጋጀ ከሰል የተሞላ ቱቦ፣ በመጨረሻውም የጋዙን ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታ የሚለካ መሣሪያ ነበረው። የዚህ መለኪያ አሠራር ቀላል ነው። በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ በተሸካሚው ጋዝ ውስጥ ይቀመጣል። እንደ ሃይድሮጅን ያለ ጋዝ ሙቀትን በፍጥነት ስለሚወስድ ሽቦው ይቀዘቅዛል። ሌላ ጋዝ ከቱቦው ሲወጣ ግን የሽቦው ሙቀት ከፍ ይላል፤ የኤሌክትሪክ መቋቋሙም ይለወጣል። ያ ለውጥ በወረቀት ላይ እንደ ኮረብታ ይሣላል። ሁለት ጋዝ ከሆነ ሁለት ኮረብታ።

አሴቲሊንና ኤቲሊን በዚያ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ተለያዩ። ፕሪዮር የዶክትሬት ጥናታቸውን በ1947 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ቀጥሎ ሮላንድ ሙለር የተባሉ ሌላ ተማሪ ዘዴውን መጠንን በትክክል ለመለካት አበቁት። ዛሬ በየላቦራቶሪው ስንገባ የምናየው ጋዝ ክሮማቶግራፍ መሠረታዊ ክፍሎቹ፣ ማለትም የናሙና ማስገቢያው፣ ቱቦው፣ ዲቴክተሩና የኮረብታው ሥዕል፣ በዚያ የድህነት ዘመን አንድ ላይ ተገኝተው ነበር።

ለምን አልተሰማም?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ሐሳቡ በ1944፣ ማረጋገጫው በ1947 ከነበረ፣ ዓለም ለምን ዘገየ? ሦስት ምክንያቶች ይታዩኛል፤ ክብደታቸውም እኩል አይደለም።

አንደኛው የኅትመት ጉዳይ ነው። የጠፋው ጽሑፍ ወዲያው በሌላ አልተተካም። ክሬመርና ተማሪዎቻቸው ውጤቱን በሳይንሳዊ ስብሰባዎች ላይ ቢያቀርቡም የአድማጮች አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር፤ ያለው ዘዴ ይበቃል የሚሉም ነበሩ። ዋናዎቹ ጽሑፎች፣ ከፕሪዮርና ከሙለር ጋር የተጻፉት፣ የታተሙት በ1951 ዓ.ም. በጀርመኑ የኤሌክትሮኬሚስትሪ መጽሔት ነው። ይህ የተከበረ መጽሔት ነበር፤ ነገር ግን ቋንቋው ጀርመንኛ፣ አንባቢዎቹም ፊዚካል ኬሚስቶች ነበሩ። የምግብ፣ የነዳጅ ወይም የመድኃኒት ተንታኝ የሚያነበው መጽሔት አልነበረም።

ሁለተኛው የተፎካካሪው ሥራ ጥንካሬ ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። አርቸር ማርቲንና ሪቻርድ ሲንጅ በ1941 ዓ.ም. ባሳተሙት ዝነኛ ጽሑፍ ተንቀሳቃሹ ክፍል ፈሳሽ መሆን እንደማይጠበቅበት፣ ጋዝም ሊሆን እንደሚችል ጠቁመው ነበር። አሥር ዓመት ያህል ማንም አልተከተለውም። በመጨረሻ ማርቲን ራሳቸው ከአንቶኒ ጄምስ ጋር ሠሩትና በ1952 ዓ.ም. አሳተሙት። የእነርሱ ዘዴ ጋዙን በጠጣር ገጽ ላይ በማያያዝ ፈንታ ጠጣሩን በሸፈነ ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ እንዲሟሟ ያደርጋል። ፈሳሹን በመለዋወጥ ብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር መለየት ስለሚቻል መንገዱ ከክሬመር መንገድ ይሰፋል። ማርቲንና ሲንጅ በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማት አገኙ፤ ሽልማቱ ግን የተሰጠው ቀደም ሲል በፈሳሽ ለሠሩት ሥራ እንጂ ለጋዝ ክሮማቶግራፊ አይደለም። ስለዚህ ከክሬመር እጅ የተነጠቀ ሽልማት የለም። በሁለት ቦታ የተቆፈሩ ሁለት ጕድጓዶች ነበሩ፤ ወደ አንድ ውሃ ያደርሳሉ፤ ሕዝብ ግን የቀዳው ከአንደኛው ነው።

ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው፤ «ማን ነው የሚናገረው?» የሚለው ጥያቄ። ማርቲን በለንደን በታወቀ የሕክምና ምርምር ተቋም ውስጥ ነበሩ። በዙሪያቸው የሚጠይቃቸው፣ ዘዴውን ወስዶ በነዳጅ ዘይት ላይ የሚሞክር ኢንዱስትሪ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. መሣሪያው ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። ክሬመር በተቃራኒው በተሸነፈ አገር፣ በፈረንሳይ ጦር በተያዘ ክልል፣ በትንሽ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ «እስከ ጊዜው» ተብሎ በተሰጣቸው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሴት ነበሩ። ከሦስቱ ምክንያቶች ማተሚያ ቤቱ የወደመበት ቀን ለትረካ ይመቻል። እኔ ግን ክብደቱ የሦስተኛው ነው እላለሁ። ቦምብ አንድን ጽሑፍ ሊያጠፋ ይችላል። የሚያዳምጥ ባልደረባ፣ የሚጠይቅ ኢንዱስትሪና የሚጋብዝ ጉባኤ ቢኖር ኖሮ ግን ጽሑፉ በ1946 ዳግመኛ በተጻፈ ነበር።

ክሬመር በምሬት አልተቀመጡም። የፊዚካል ኬሚስትሪ ኢንስቲትዩቱን መርተው፣ ፕሮፌሰር ሆነው፣ በ1971 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ተማሪዎችን አወጡ። በ1958 ዓ.ም. የቪልሄልም ኤክስነር ሜዳሊያን፣ በ1970 ዓ.ም. የኤርቪን ሽሮዲንገር ሽልማትን ተቀበሉ። ዘግይቶም ቢሆን የትምህርት ቤቱ መሣሪያ በቦን በሚገኘው የዶይቸስ ሙዚየም ለሕዝብ እይታ ቀረበ። መስከረም 21 ቀን 1996 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በኢንስብሩክ ዐረፉ።

ወደ ቤታችን

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? በ2008 ዓ.ም. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አግኝታ ግዢዋ በእጅጉ መቀነሱን ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ያለው ቅሪት የሚለካው በዋናነት በጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው። የገበሬው ድካም በወደብ ላይ የሚመዘነው በአንድ ወረቀት ላይ ባሉ ኮረብታዎች ቁመት ነው ማለት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የሚከራከር፣ «ይህ ኮረብታ ይህ ነው፤ መጠኑም ይህን ያህል ነው» ብሎ በማስረጃ የሚናገር የራሱ ባለሙያ የሌለው አገር የሌላውን ንባብ ተቀብሎ ይሄዳል።

ባለሙያ የለንም አልልም። አለን፤ ሥራም ተሠርቷል። የምፈራው የተሠራው ሥራ ያለበትን ቦታ ነው። በየትምህርት ክፍላችን መደርደሪያ ላይ በጥቁር ክር የተጠረዙ የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች ተደርድረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ማተሚያ ቤቱ በቦምብ የተመታበት አንድም የለም።

የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ በቅመማ ቅመም ውስጥ ያሉ ተናኝ ዘይቶችን የምትለይበትን ዘዴ አዘጋጀች። መሣሪያችን በመለዋወጫ እጥረት ለወራት ቆሞ ስለ ነበር ከሌላ ቦታ ለምና፣ ማታ ማታ እየሠራች ነው የጨረሰችው። ጥናቷን በጥሩ ውጤት ተከላከለች። ለመጽሔት የሚሆነውን ረቂቅ ጽፋ ሰጠችኝ። እኔም «አየዋለሁ» አልኳት። ፈተና ነበረ፣ ኮሚቴ ነበረ፣ ስብሰባ ነበረ። ሁለት ጊዜ አስታወሰችኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ አላስታወሰችኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ዘዴ በሌላ አገር ሰዎች ስም ታትሞ አየሁ። እነርሱ አልሰረቁም፤ ሥራዋ መኖሩን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የክሬመርን ጽሑፍ ያስቀረው ጦርነት ነበር። የእርሷን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ረቂቁን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት። ዛሬም ያልታተመ ነገር አለበት፤ ናሙናዎቹ የእኛው ናቸውና። ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። አሁን በሌላ ሥራ ላይ ናት። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «መምህር፣ ስምንት ዓመት ሆነው እኮ» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ረቂቁን እንድልክላት ፈቅዳለች፤ ትመለስበት እንደሆነ ግን ውሳኔው የእርሷ ነው።

እንግዲህ ከክሬመር ሕይወት የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። ሐሳቡን ያመጡት እሳቸው ናቸው። በሙከራ ያረጋገጡት ፕሪዮር ናቸው፤ ቦታውን የሰጠው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የጎደለው ከእነርሱ እጅ ውጭ የነበረው ነው፤ የሚያትም፣ የሚያነብ፣ የሚጠይቅ። ተማሪዎቼ፣ መሣሪያ የለም በማለት ሥራ አታቁሙ፤ የመጀመሪያዎቹ የጋዝ ክሮማቶግራፍ ሙከራዎች የተካሄዱት እናንተ ባለፋችሁበት ዓይነት የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እኛ መምህራን ደግሞ የተማሪ ረቂቅ በእጃችን ሲገባ የሰው ዕድሜ በእጃችን እንደ ገባ እንቁጠረው። ኃላፊዎቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስንት ተማሪ እንዳስመረቅን ስትቆጥሩ ከጥናቶቻቸው ስንቱ ለአንባቢ እንደ ደረሰም ቁጠሩ።

ዛሬ የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ለፕሮፌሰርነት የሚዘጋጁ ሴት ተመራማሪዎችን የሚደግፍበት መርሐ ግብር አለው፤ መጠሪያውም የኤሪካ ክሬመር ነው። በ1940 «ወንዶቹ እስኪመለሱ» ተብለው የገቡት ሴት ዛሬ ሌሎች ሴቶች እንዲገቡ በር የሚከፍት ስም ሆነዋል። ለእሳቸው ዘግይቷል። ለሚከተሏቸው ግን አልዘገየም።